ስለ ድርብ ዐረፍተ ነገር አሉታ

በአንድ የተሳላሚዎች ማደሪያ ከዕቃ ቤቱ ገንዘብ ጠፋ ይባል። አንድ ምስክር በሽማግሎች ፊት ቆሞ፥ «ይህ ሰው ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቶ ገንዘቡን ወስዷል» ሲል ተናገረ። ተከሳሹም፥ «አባቶቼ፥ ገብቼ አልወሰድሁም» ብሎ መለሰ። ከሽማግሎቹ አንዱ፥ «መግባቱን አምኗል፤ የካደው መውሰዱን ብቻ ነው» አለ። ሁለተኛው፥ «የለም፤ መግባቱንም መውሰዱንም ክዷል» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፥ «ሁለቱ በአንድነት አልተደረጉም አለ እንጂ የትኛው እንደ ቀረ ገና አልነገረንም» አለ። ሦስቱም የሰሙት አንድ ቃል ነው። ቃሉም ሦስቱን ፍቺ ይሸከማል። በመጀመሪያው ፍቺ ሰውየው በቦታው የነበረ ተጠርጣሪ ነው፤ በሁለተኛው ፍቺ ከደጁ ያልደረሰ ሰው ነው፤ በሦስተኛው ፍቺ ግን ገና ያልተመረመረ ነው። የሰው ስም በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል።

ይህ ጠብ ከሽማግሎቹ ክፋት ወይም ከተከሳሹ ተንኰል የመጣ አይደለም። ሁለት ነገር በአንድነት የያዘ ዐረፍተ ነገር በአንድ አሉታ ሲመለስ፥ አሉታው የትኛውን ክፍል እንደሚያፈርስ ሳይለይ በመቅረቱ የመጣ ነው። ሎጂክ፥ ማለት የትክክለኛ አነጋገርና የትክክለኛ ድምዳሜ ትምህርት፥ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ በአንዱ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ምዕራፉ አጭር ነው። ብዙ ተማሪዎች ግን ቀላል መስሎአቸው ይዘሉታል፤ ኋላም በክርክር ጊዜ ይወድቁበታል።

በቅድሚያ ስሞቹ ይለዩ። አንድ ነገር ብቻ የሚናገር ቃል ነጠላ ዐረፍተ ነገር ይባላል፤ «በሩ ተዘግቷል» እንደ ማለት ነው። ሁለት ነጠላ ዐረፍተ ነገሮች በመስተጻምር ሲያያዙ ድርብ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ «በሩ ተዘግቷል፥ መብራቱም ጠፍቷል» እንደ ማለት ነው። የአንድ ዐረፍተ ነገር አሉታ ማለት ደግሞ ዋናው ቃል እውነት በሆነ ጊዜ ሐሰት የሚሆን፥ ዋናው ቃል ሐሰት በሆነ ጊዜ እውነት የሚሆን ቃል ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ በአንድ ጊዜ ሐሰት ሊሆኑም አይችሉም። የዚህ ትርጓሜ ሁለተኛው ክፍል በተለይ ይያዝ፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።

አርስጣጣሊስ ፔሪ ኤርሜንያስ በተባለው መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ለይቷል። «ልብሱ ነጭ ነው» ለሚል ሰው፥ «ነጭ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ፍጹም ተቃራኒውን ተናገረ። «ጥቁር ነው» ብሎ የሚመልስ ግን ሩቅ ተቃራኒውን ተናገረ። ልብሱ ቀይ ቢሆን ነጭ ነው ያለውም፥ ጥቁር ነው ያለውም ሁለቱም ተሳስተዋል። እንግዲህ ሩቁ ተቃራኒ ከሚፈለገው በላይ ይናገራል፤ አሉታ ሳይሆን ሌላ አዲስ ነገር ነው፤ አዲስ ነገር የተናገረም አዲስ ማስረጃ ይጠየቃል።

ይህ መጽሐፍ በምሥራቅ ገዳማት የታወቀ ነበር። በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር በነበረው በቀንሼሬ ገዳም የሶርያ መነኰሳት የግሪክን ቋንቋ ከነሎጂኩ ያጠኑ ነበር። በ667 ዓ.ም. ያረፈው ሳዊሮስ ሴቦክት ስለ አርስጣጣሊስ የሎጂክ መጻሕፍት ጽፏል፤ የዐረቦች ጳጳስ የተባለውና በ724 ዓ.ም. ያረፈው ጊዮርጊስም ፔሪ ኤርሜንያስን ወደ ሱርስት መልሶታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በቃል ላይ ክርክር በበዛበት በዚያ ዘመን፥ ካህን ሆኖ ክህደትንና ማሻሻልን መለየት የማይችል ሰው ባላጋራውን ያልተናገረውን ተናገረ ብሎ ለማውገዝ ቅርብ ነበር።

አሁን ወደ ዕቃ ቤቱ ነገር መመለስ ይገባል። «ገብቶ ወስዷል» የሚለው ድርብ ቃል መግባትንና መውሰድን አያይዟል። ሊሆን የሚችለው ነገር አራት ብቻ ነው። አንደኛ፥ ገብቷል፥ ወስዷልም። ሁለተኛ፥ ገብቷል፥ ነገር ግን አልወሰደም። ሦስተኛ፥ አልገባም፥ ነገር ግን ወስዷል፤ ለምሳሌ በመስኮት እጁን አስገብቶ እንደ ሆነ። አራተኛ፥ አልገባም፥ አልወሰደምም። የምስክሩ ቃል እውነት የሚሆነው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በቀሩት ሦስቱ ሐሰት ነው። ስለዚህ አሉታው በእነዚያ በሦስቱ ሁሉ እውነት መሆን አለበት። «አልገባም፥ አልወሰደምም» የሚለው መልስ ግን እውነት የሚሆነው በአራተኛው ብቻ ነው። ሰውየው ገብቶ ሳይወስድ ወጥቶ ቢሆን የምስክሩም ቃል ሐሰት ነው፥ ይህም መልስ ሐሰት ነው። ሁለቱ በአንድነት ሐሰት ከሆኑ ደግሞ አንዱ የሌላው አሉታ አይደለም፤ እንደ ነጭና እንደ ጥቁር ሩቅ ተቃራኒዎች ናቸው።

እውነተኛው አሉታ ይህ ነው፦ «ወይ አልገባም፥ ወይ አልወሰደም፥ ወይም ሁለቱንም አላደረገም።» መስተጻምሩ እንደ ተለወጠ ልብ ይባል። በዋናው ቃል «ና» ወይም «ም» የነበረው በአሉታው «ወይም» ሆነ፤ ክፍሎቹም እያንዳንዳቸው አሉታ ለበሱ። በተቃራኒውም መንገድ እንዲሁ ነው፤ ዋናው ቃል በ«ወይም» የተያያዘ ከሆነ አሉታው ሁለቱንም ክፍል በአንድነት ያፈርሳል። እነዚህ ሁለት ሕግጋት ዛሬ በኦገስተስ ዴ ሞርጋን ስም ይጠራሉ። ዴ ሞርጋን በ1806 በሕንድ አገር በማዱራይ ተወልዶ በ1871 የሞተ የእንግሊዝ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ፎርማል ሎጂክ የተባለውን መጽሐፉን በ1847 አሳትሟል። ስሙ ይሰጠው እንጂ ሕጉ ከእርሱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፍራንሲስካዊው መነኵሴ ዊልያም ኦካም ሁለቱንም በሱማ ሎጊኬ መጽሐፉ በግልጥ ቃል አስፍሯቸው ነበር። የዴ ሞርጋን ዘመን ሰዎች የጨመሩት የሒሳብ ምልክቱን ነው።

የሕጉን እውነት በዐይን ለማየት የፈለገ ተማሪ የኤሌክትሪክ መብራት ይመልከት። በአንድ ሽቦ ላይ ሁለት ማብሪያዎች ተከታትለው ቢገጠሙ፥ መብራቱ የሚበራው አንደኛውም ሁለተኛውም ሲገናኙ ነው። ታዲያ መብራቱ የጠፋው መቼ ነው? ሁለቱም ሲቋረጡ ብቻ ነው የሚል ሰው መብራት ጠግኖ አያውቅም። አንዱ ከተቋረጠ ይበቃል። ሁለቱ ማብሪያዎች በሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ቢገጠሙ ግን አንዱ ሲገናኝ ይበራል፤ ለማጥፋት ሁለቱንም ማቋረጥ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ የማብሪያዎች አገጣጠም ሁሉ በዚህ ሎጂክ እንደሚሰላ አሳይቷል፤ የዛሬዎቹም ኮምፒዩተሮች የቆሙት በዚሁ ላይ ነው።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጥ ከሆነ፥ ሽማግሎቹ ስለ ምን ተለያዩ? ምክንያቱ የአሉታው ቦታ ነው። የስጦኢካውያን ፈላስፎች፥ ከእነርሱም ዋናው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የኖረው ክሪሲጶስ፥ ስለዚህ ነገር እጅግ ይጠነቀቁ ነበር። ሴክስቱስ ኤምፒሪኮስ እንዳስተላለፈው፥ «ቀን ነው፥ ብርሃንም ነው» ለሚለው ቃል «ቀን ነው፥ ብርሃንም አይደለም» የሚለው ፍጹም ተቃራኒው አይሆንም ይላሉ፤ አሉታው የገዛው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነውና። አሉታው ከመላው ዐረፍተ ነገር ፊት ሲቀመጥ ግን መላውን ይገዛል። ከዚህም አንድ ጠቃሚ ድምዳሜ አወጡ፦ ሁለቱ በአንድነት እንዳልሆኑ ከታወቀ፥ የመጀመሪያውም እንደ ሆነ ከተረጋገጠ፥ ሁለተኛው አልሆነም። ሽማግሎቹም «ገብቶ ወስዷል» የሚለው ሐሰት መሆኑን በሌላ መንገድ ካወቁ፥ መግባቱንም ካረጋገጡ፥ አለመውሰዱን ያለ ሌላ ምስክር ያውቃሉ።

ግእዝ ለዚህ ጥንቃቄ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ኢ» የተባለችው ፊደል ከግሡ ፊት ተጣብቃ ያንን ግሥ ብቻ ታፈርሳለች። «አኮ» ግን ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከስም ፊትም፥ ከሐረግም፥ ከሙሉ ቃልም ፊት ሊቀመጥ ይችላል። የግእዝ ተማሪ «ኢ»ን እና «አኮ»ን ለይቶ ሲያነብ፥ ሳያውቀው የክሪሲጶስን ትምህርት ይማራል። አማርኛ ግን አሉታውን በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ብቻ ያለብሳል፤ «አል» ከፊት፥ «ም» ከኋላ ሆነው ግሡን እንደ ቅርፊት ያቅፉታል። በ«ገብቶ አልወሰደም» ላይ ቅርፊቱ ያቀፈው መውሰድን ብቻ ነው ወይስ ከፊቱ የተንጠለጠለውን መግባትንም ጭምር ነው? ጽሕፈቱ ይህን አይናገርም። ተናጋሪው በድምፁ ይለየው ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ግን ድምፁ ይጠፋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስት ሌላ ነገር በአማርኛ አለ። «አባ እገሌ ቄስም መነኵሴም ናቸው» ቢባል ሁለቱን ማዕርግ በአንድነት ይዘዋል ማለት ነው። ተማሪው ይህን ቃል ለማፍረስ ሲፈልግ በልማድ ማሰሪያውን ብቻ ለውጦ «ቄስም መነኵሴም አይደሉም» ይላል። ይህ ግን ሁለቱንም ማዕርግ የሚነሣ ቃል ነው! አባ እገሌ ቄስ ሳይሆኑ መነኵሴ ቢሆኑ፥ የፊተኛው ቃል ሐሰት ሆኖ ሳለ የኋለኛውም ሐሰት ይሆናል። በእርግጥ «ቄስም መነኵሴም አይደሉም» የሚለው የሌላ ቃል አሉታ ነው፤ የ«ቄስ ወይም መነኵሴ ናቸው» አሉታ ነው። አማርኛ በዚህ ቦታ የዴ ሞርጋንን ሕግ በሰዋስው ይፈጽማል፤ «ወይም» የነበረውን በአሉታ ጊዜ «ም…ም» ያደርገዋል። ባለቤቱ ሳያስብ በትክክል ይናገራል። «ም…ም»ን ወደ «ወይም» መለወጥ ግን ቋንቋው ብቻውን አያደርግለትም፤ ተናጋሪው ራሱ ማድረግ አለበት። በአንድ ፊት በኩል የሚረዳው ልማድ በሌላው ፊት በኩል ወጥመድ ይሆንበታል።

«ሁለቱም መጥተዋል» እና «ሁለቱም አልመጡም» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። አንዱ መጥቶ አንዱ ቢቀር ሁለቱም ቃላት ሐሰት ናቸው። ለመጀመሪያው አሉታ «ሁለቱም መጥተዋል ማለት እውነት አይደለም»፥ ወይም «ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ቀርቷል» መባል ይገባዋል። አነጋገሩ የረዘመ ነው፤ ለጆሮም አይጥምም። በጸሎት ቤትና በገበያ ያለ እርሱ ይኖራል። በፍርድ፥ በውልና በምስክርነት ግን ጣዕሙን ትቶ ርዝመቱን መሸከም ይሻላል።

ስለ «ወይም» ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም አይከለክልም፤ «የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ከጾም ይታገሡታል» ሲባል ታሞም ያረጀ ሰው ከዚህ አይወጣም። የዚህ አሉታ ቀላል ነው፤ «አልታመመም፥ አላረጀምም» ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን «ወይ በመርከብ ወይ በአውሮፕላን መጥቷል» እንደሚባለው አንዱን ብቻ ይፈቅዳል። ይህ ሲፈርስ ሁለት በር ይከፈታል፤ ወይ በሁለቱም ተጉዟል፥ የመንገዱን እኩሌታ በባሕር፥ እኩሌታውን በአየር፤ ወይም በሁለቱም አልተጓዘም፥ በምድር መጥቷል። እዚህ ላይ የመጻሕፍት ተማሪ የሚያውቀውን «አንድም» ማስታወስ መልካም ነው። መተርጕሙ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጓሜ ሲያመጣ የፊተኛውን አይሽርም፤ ከጎኑ ያኖረዋል። ስለዚህ አንዱን «አንድም» የነቀፈ ሰው ትርጓሜውን በሙሉ አፈረሰ አይባልም፤ መላውን ለማፍረስ እያንዳንዱን ማፍረስ ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በ«ከ» ወይም በ«ብ» የሚታሰረው፥ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው ቃል ነው። ምሳሌው ለተሳላሚ የቀረበ ይሁን። አንዲት እናት፥ «ልጄ ከበሽታው ከዳነ ኢየሩሳሌምን እሳለማለሁ» ብላ ተሳለች። ይህ ቃል የሚፈርሰው መቼ ነው? ልጁ ዳነ፥ እርስዋም ተሳለመች፤ ስእለቱ ተፈጽሟል። ልጁ አልዳነም፥ እርስዋም አልሄደችም፤ ማንም ስእለት አፈረሰች አይላትም። ልጁ አልዳነም፥ እርስዋ ግን ለነፍሱ ለመጸለይ ሄደች፤ ይህም ስእለቱን አይነካውም፥ ባይድን አልሄድም አላለችምና። የሚፈርሰው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ልጁ ዳነ፥ እርስዋም አልሄደችም። እንግዲህ «ከዳነ እሳለማለሁ» የሚለው አሉታ «ድኖ ሳለ አልተሳለመችም» ነው። በ«ከ» የታሰረ ቃል ሲፈርስ «ከ»ው ራሱ ይጠፋል፤ የፊተኛው ክፍል እንዳለ ይጸናል፥ የኋለኛው ብቻ አሉታ ይለብሳል፥ ሁለቱም በ«ና» ይያያዛሉ።

ተማሪዎች የሚሰጡት መልስ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንዱ «ካልዳነ አልሳለምም» ይላል፤ ይህ ሌላ ስእለት ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ሊፈጸም ይችላል። ሌላው «ከዳነ አልሳለምም» ይላል፤ ይህም ልጁ ሳይድን ቢቀር ከመጀመሪያው ጋር በአንድነት ሳይፈርስ ይቆያል። በአንድነት የሚጸኑ ቃላት ደግሞ አንዱ የሌላው አሉታ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌ የሆነ ሰው ይህን ባለማወቁ ድሀይቱን እናት፥ «ልጅሽ ሞቶ ሳለ ለምን ሄድሽ? ስእለትሽ ፈረሰ» ቢላት በሐዘንዋ ላይ ያልሠራችውን ኀጢአት ይጨምርባታል።

ይህን ፍቺ መጀመሪያ የሰጠው የሜጋራው ፊሎን ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛውና በ3ኛው መቶ ዓመት መካከል ነበረ። መምህሩ ዲዮዶሮስ ግን አልተቀበለውም፤ ክርክራቸውም እጅግ ከመሰማቱ የተነሣ የእስክንድርያው ባለቅኔ ካሊማኮስ በግጥም ቀልዶበታል። የዲዮዶሮስ ቅሬታ ከንቱ አልነበረም። አንድ ሰው «ይህን ጠበል ብትጠጣ ትድናለህ» ሲለው «ሐሰት ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው፥ በፊሎን ሂሳብ «ጠጥቻለሁ፥ አልዳንሁምም» ማለቱ ነው። እርሱ ግን ምናልባት ጠበሉን አልቀመሰም፤ ሊል የፈለገው አንዱ ከሌላው አይከተልም ነው። በዐረብኛ የጻፈው ኢብን ሲና (980–1037) ለዚህ የተሻለ መንገድ አሳይቷል፤ እርሱ አሉታውን በክፍሎቹ ላይ ሳይሆን በማያያዣው ላይ ያኖረዋል፤ «በሆነ ጊዜ ሁሉ» የሚለውን «በሆነ ጊዜ ሁሉ አይደለም» ያሰኘዋል። ስለ አንድ የተወሰነ ስእለት ሲመረመር የፊሎን ፍቺ ይበቃል፤ ስለ ተፈጥሮና ስለ ምክንያት ሲነገር ግን የኢብን ሲና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በ«ከ» የታሰረው ቃልና በ«ና» የታሰረው ቃል በአሉታ በኩል ዘመዳሞች መሆናቸውን ክሪሲጶስ አስተውሎ ነበር። ቄቄሮን ስለ ዕድል በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ የከለዳውያን ኮከብ ቈጣሪዎች «በዚህ ኮከብ መውጫ የተወለደ ከሆነ በባሕር አይሞትም» እንዳይሉ፥ ይልቁንም «በዚህ ኮከብ መውጫ ተወልዶ በባሕር የሚሞት የለም» እንዲሉ ክሪሲጶስ ይመክራቸዋል። ቄቄሮን በዚህ ያፌዝበታል፤ ነገር ግን ፌዙ ምክንያቱን አያጠፋውም። የፊተኛው አነጋገር ኮከቡን የሞት ምክንያት ያስመስለዋል፤ የኋለኛው ሁለቱ በአንድነት አልታዩም ብቻ ይላል። አማርኛም ይህን ዝምድና በአንድ ቃል ያውቀዋል። «ሳይመረምር አልፈረመም» ማለት «ከፈረመ መርምሯል» ማለት ነው። መፈረሙን ግን በእርግጥ አይናገርም፤ ምንም እንኳ ሰሚው ሁሉ ፈርሟል ብሎ ቢወስደውም።

እነዚህ ሕግጋት ሲደራረቡ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተላጡ ይሠራባቸዋል። እናቲቱ ስእለትዋን፥ «ልጄ ከዳነ ኢየሩሳሌምን እሳለማለሁ፥ ለደብሬም ጥላ አገባለሁ» ብላ ቢሆንስ? ከውጭ ያለው «ከ» ነው፤ ስለዚህ «ልጁ ዳነ» ይጸናል፥ የቀረው አሉታ ይለብሳል። የቀረው ደግሞ በ«ና» የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ወደ «ወይም» ይለወጣል። ስእለቱ የሚፈርሰው ልጁ ድኖ ሳለ፥ ወይ ኢየሩሳሌምን ያልተሳለመች፥ ወይ ጥላውን ያላገባች፥ ወይ ሁለቱንም የተወች እንደ ሆነ ነው። ተሳልማ ጥላውን ያላገባች ሴት «እኔ ሄጃለሁ» ብላ ነፃ ልትወጣ አትችልም። «ኢየሩሳሌምን እሳለማለሁ፥ ወይም ጥላ አገባለሁ» ብላ ቢሆን ግን አንዱን በመፈጸምዋ ነፃ ናት። በ«ም»ና በ«ወይም» መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጥላ ዋጋ ነው።

«ሁሉ» የሚለው ቃል በድርብ ዐረፍተ ነገር ትምህርት ውስጥ በቀጥታ አይገባም፤ ቢሆንም የብዙ ነጠላ ቃላት ድርድር ነውና ሕጉ አንድ ነው። «ተሳላሚዎቹ ሁሉ አልደረሱም» ቢባል አንድም የደረሰ የለም ማለት ነው ወይስ ገና የቀሩ አሉ? በ11ኛው መቶ ዓመት የኖረው የዐረብኛ የንግግር ሊቅ ዐብዱል ቃሂር አል ጁርጃኒ ይህን ነገር በቋንቋው መርምሮ ደንብ አወጣለት፦ አሉታው «ሁሉ»ን ከቀደመ የሚፈርሰው ሁሉነቱ ነው፤ «ሁሉ» አሉታውን ከቀደመ ግን አሉታው ለሁሉም ይሆናል። በግእዝም «አኮ ኵሉ» ሲባል ያለ ጥርጥር «ሁሉ አይደለም» ማለት ነው። በአማርኛ አሉታው ሁልጊዜ ከመጨረሻ ስለሚመጣ በቦታ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጥንቁቅ ጸሐፊ «አንድም አልደረሰም» ወይም «ያልደረሱ አሉ» ብሎ ይጽፋል። በማደሪያው በር ላይ እራት የሚያዘጋጅ ሰው የሁለቱን ልዩነት በድስቱ ያውቀዋል።

ሽማግሎቹ ያንን ጉዳይ ሲመረምሩ ከሦስቱ ፍቺ አንዱን መምረጥ አያስፈልጋቸውም። ድርቡን ቃል በየክፍሉ ፈትተው መጠየቅ ነው።

«ወደ ዕቃ ቤቱ ገብተሃልን?» ይሉታል።

«ገብቻለሁ፥ አባቶቼ፤ ብርድ ልብስ ላወጣ።»

«ገንዘቡንስ ወስደሃልን?»

«አልወሰድሁም።»

ምስክሩም በዚሁ መንገድ ይጠየቅ፤ ድርብ ቃል እውነት የሚሆነው እያንዳንዱ ክፍል ሲጸና ነውና፥ በአንዱ ክፍል ያየ ሰው በሌላው ክፍል እንዳየ አይቈጠርም።

«ሲገባ አይተኸዋልን?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሲወስድስ?»

ምስክሩ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ሲገባ እንጂ ሲወስድ አላየሁም» አለ።